ለሙላቷ የሰጠናት ሁለት ነጥብ

ሀደራ፣ ማርች 1997

ለተከበሩ ዶክተር ኦሪት
በአደጋ ላይ ላሉ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተቋቋመው የ«ቤትና ልጅ» ፕሮግራም ዋና ገምጋሚ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ጤንነት፣ የረዳቶችዎንና፣ ቅር ካላለዎት፣ የኮምፒውተርዎን ጤንነት ጭምር በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ስለ እኛ ከእርስዎ ይልቅ ብዙ የሚያውቀው እሱ መሆኑን ሰምቻለሁና። የእኛን ደህንነት ለመግለጽ ቀለም አላባክንም። በሪፖርትዎ ገጽ አራት ላይ እንደተረጋገጠው ከመቶ ዘጠና አራታችን «በጣም ረክተናል»፤ የቀሩት ስድስቱ ያን ቀን ቤት ያልነበሩ ይመስለኛል።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። ስሜ አዝመራው ካሣሁን ይባላል። ከደምቢያ ተነሥቼ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ሁለት ዓመት አስተምሬ ነበር፤ ዛሬ በወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ጥቅል እገፋለሁ፤ ስለዚህ ወረቀት ሲጻፍበትም ሳይጻፍበትም ምን ያህል እንደሚከብድ በሚገባ አውቃለሁ። በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ግን በስሜ አልታወቅም። «ወላጅ ሃያ ሰባት» የሚባለው እኔ ነኝ፤ የጥሩአለም ባል፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ የጋሊ አባት።

ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ማትናስ፣ ማለትም በሕዝብ ማዕከሉ፣ ሰሌዳ ላይ ከሪፖርትዎ አጠገብ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ሪፖርትዎ ከተለጠፈ ጀምሮ ብቻውን ስለሆነ ጓደኛ ይሁነው ብዬ ነው። አንድ ቅጂ በፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ ተርጓሚ እንደማያጡም አምናለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ጉዳዩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ፕሮግራሙ ሁለት እጅ ነበረው። አንደኛው እጅ ወላጆችን በማዕከሉ አዳራሽ ሰብስቦ ንግግር ያሰማ ነበር። ሁለተኛው እጅ ሙላቷ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከእኛው መካከል የተቀጠረች፣ ዲፕሎማ የሌላት፣ ሥራዋም በቤታችንና በትምህርት ቤቱ፣ በእኛና በልጆቻችን መካከል መመላለስ የሆነ። እርስዎ ሁለቱን እጆች መዝነው አንደኛውን አበረቱት፤ ስምንት የነበረው ንግግር ዘንድሮ አሥራ ስድስት ሆነ። ሁለተኛውን ቆረጡት፤ ሙላቷ በጃንዋሪ ተሰናበተች። በእሷ ጥረት ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳ የነበረችው ልጄ ጋሊ በፌብሩዋሪ እንደገና ቀረች። አሁን ደግሞ የፊታችን ማክሰኞ ኮሚቴ ተቀምጦ ልጄ ከቤቷ ወጥታ በደቡብ በኩል ወዳለ ሩቅ የወጣቶች ማደሪያ ትወሰድ እንደሆነ ይወስናል። በጥሪው ወረቀት ላይ እርስዎ በባለሙያነት እንደሚገኙ ተጽፏል። እንግዲህ ማክሰኞ ሳይደርስ ያለብኝን ምስጋና ላድርስ።

አንደኛ፣ ስለ ንግግሮቹ ከልብ አመሰግናለሁ። አቶ ዮራም የተባሉት ትሑት ሰው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ አዳራሹ በር ላይ እየተቀበሉን በግድግዳው ላይ በመብራት ሥዕል ያሳዩን ነበር። በሥዕሉ ላይ አንድ አባት፣ አንዲት እናት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ከመካከላቸው ማንም ከፈረቃ የመጣ አይመስልም። አቶ ዮራም ልጆቻችንን በቀን አንድ ጊዜ «ዛሬ ምን ተሰማህ?» ብለን እንድንጠይቅ አስተማሩን። ጎረቤቴ አባ ገበያው፣ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ትምህርቱን በሥራ በማዋል የመጀመሪያው ሆኑ፤ የመጨረሻ ልጃቸው የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ስለሆነ ስልክ ደውለው ምን እንደተሰማው ጠየቁት። ልጁ አባቱ የታመሙ መስሎት ከሥራው አስፈቅዶ መጣና ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። የደም ግፊታቸው በዚያው ታወቀ፤ ስለዚህ ንግግሮቹ ጥቅም የላቸውም የሚል ሁሉ ሐሰተኛ ነው።

የታዳሚው ብዛትም በሪፖርትዎ በአድናቆት ተጠቅሷል፤ አርባ አንድ ወላጅ ሳያቋርጥ ተገኝቷል ይላል። እውነት ነው። ጠሪ አክባሪ ነው፤ በደብዳቤ ተጠርቶ የቀረ ሰው በእኛ ዘንድ ባለጌ ይባላል። አባ ገበያው ስምንቱንም ጊዜ ቀድመው ደርሰው ፊት ተቀምጠዋል፤ በሪፖርትዎ «ከሁሉ የበለጠ ጽናት ያሳየ ወላጅ» የተባለው ወላጅ አሥራ አንድ እሳቸው ናቸው። አቶ ዮራም በተናገሩ ቁጥርም ሁላችንም «እሺ» እያልን ራሳችንን ነቅንቀናል፤ ይህም በገጽ ስድስት ላይ «ትምህርቱ በከፍተኛ ደረጃ መያዙን ያሳያል» ተብሎ ተተርጉሟል። ከኋላ ከተቀመጡት መካከል የተወሰኑት ራሳቸውን የነቀነቁት በእንቅልፍ ቢሆንም ይህን ለማንሣት አልደፍርም። የእኛ ልጆች ግን አንዳቸውም አዳራሹን አላዩትም። ያን ሰዓት ናሓል ሀደራ በሚባለው ወንዝ ዳር ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበሩ፤ እነሱን የጠራ ደብዳቤም አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ሙላቷ በየሳምንቱ የምትሞላው ቅጽ «የተገናኛችሁበት ቦታ» የሚል ጥያቄ ነበረው፤ ከጎኑም ሦስት ሳጥን፦ ቢሮ፣ ክፍል፣ ስልክ። ሙላቷ ሐቀኛ ሴት ስለሆነች ሦስቱንም ባዶ ትተዋቸው ነበር። ልጄን ያገኘቻት ባቡር ጣቢያ ነዋ።

የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከዳስ በዓል በኋላ፣ ጋሊ ትምህርት ቤት መሄድ አቁማ ነበር። እኛ ሁለት ወር ሙሉ አላወቅንም። እኔ እብራይስጥ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ ላይ ገና እንደ ጀማሪ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነብልን ራሷ ጋሊ ነበረች። «ልጃችሁ ሠላሳ አንድ ቀን ቀርታለች» የሚለውን ደብዳቤ «የወላጆች ሽርሽር በዝናብ ምክንያት ተላልፏል» ብላ አነበበችልን። እናቷ ዝናቡ እስኪያባራ በትዕግሥት ጠበቀች።

ሙላቷ አንድ እሑድ ጠዋት በትምህርት ሰዓት ስታልፍ ጋሊን በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ አየቻት። አልተቆጣቻትም፤ ሮጣም ለእኛ አልነገረችንም። የሱፍ ፍሬ ገዝታ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ወደ ሐይፋ የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች እስኪያልፉ ሁለቱም ሱፍ ከመቆርጠም በቀር ቃል አልተናገሩም። በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው ሆነ። በአራተኛው እሑድ ጋሊ ራሷ ተናገረች። ነገሩ ከእኔ የመጣ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ተጠርቼ የሄድኩ ቀን አስተማሪዋ ፊት ዓይኔን ወደ መሬት ጥዬ ቆሜ ነበር፤ ለመምህር የሚገባው ክብር ይህ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። አስተማሪዋ ግን «አባትየው ለልጁ ግድ የለውም» ብላ ጻፈች፤ ያንን ጽሑፍ ያነበበችው ደግሞ ልጄ ናት። በእኔ አፈረች፤ በማፈሯም አዘነች፤ ሁለቱን ተሸክማ ክፍል መግባት ከበዳት።

ሙላቷ መጀመሪያ ወደ አስተማሪዋ ሄዳ ዓይን መጣል በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ደረጃችን ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «አያ አዝመራው፣ እዚህ አገር ዓይኑን የጣለ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ግድ የለውም ነው የሚሉት። ነገ ቤት ሴፈር፣ እትምህርት ቤቷ፣ አብረን እንሄዳለን፤ መምህሯን ፊቷን እያዩ ይስሟት። ቢከብድዎ ግንባሯን ይዩ።» ግንባሯን እያየሁ ሰማኋት። አስተማሪዋም አዲስ ሰው ያየች ይመስል ወንበር አቀረበችልኝ። ጋሊ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ አራት ቀን፣ ከዚያ ሁሉንም ቀን።

ይህ ሁሉ በሪፖርትዎ «የሠራተኛዋ አብዛኞቹ ግንኙነቶች አልተመዘገቡም» በሚል አንድ መስመር ተጠቃሏል። ቃል በመቆጠብዎ አደንቅዎታለሁ። ለአግዳሚ ወንበር፣ ለደረጃና በገበያው እናቶችን ለምታገኝበት ለድንች ሻጩ ጥግ ሳጥን ይሠራላቸው ቢባል ቅጹ አንድ ገጽ አይበቃውም ነበር።

ሦስተኛ፣ ወይዘሪት ዮኒትን ወደ ቤታችን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ግን ከምስጋናው ጋር ኑዛዜ አለብኝ።

ዮኒት ባለፈው ኦክቶበር መጠይቋን ታቅፋ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ ወጥታ መጣች። ወጣት ናት፤ ፊቷ ብሩህ ነው፤ ከመግባቷ በፊት ጫማዋን ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀች። እንዲህ ያለ እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ ክፉ ቃል ከአፍዎ ይወጣልን? ጥሩአለም ሻይና ብስኩት አቀረበች። ዮኒትም ሥርዓቱን አስረዳችን፤ ጥያቄው ሃያ ሁለት ነው፣ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ትሰጣላችሁ፣ አምስት እጅግ ጥሩ፣ አንድ እጅግ መጥፎ።

በመጀመሪያ ስለ ንግግሮቹ ጠየቀችን። ንግግሩን ያመጡልን ሰዎች እንግዶች ናቸው፤ ከሩቅ መጥተው ደክመውልናል። እንግዳ ያመጣውን ነገር ፊቱ ላይ ማቃለል በእኛ ዘንድ የለም፤ ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ እጅዎ ይባረክ ይባላል። አምስት አልን። ስለ አዳራሹ አምስት። ስለ ሥዕሎቹ አምስት። ስለ ውሻው ለብቻው ጥያቄ አልነበረም እንጂ ለእሱም አምስት ተዘጋጅቶለት ነበር።

ከዚያ ስለ ሙላቷ ጠየቀችን። ክብርት ዶክተር፣ ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ አንሥቻለሁ። ሙላቷ ለጥሩአለም የአክስቷ ልጅ ናት፤ ባትሆንም የራሳችን ሰው ናት። የራስን ሰው በባዳ ፊት ማወደስ ደግሞ ነውር ነው፤ ጉራ ነው፤ ዓይንም ይጠራል። የራሱን ልጅ ጎበዝ፣ የራሱን በሬ ብርቱ እያለ የሚያወራ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ዘመድዎ የሚጠይቅዎ ሰው ሲመጣ አንገትዎን ደፋ አድርገው «ምን አላት ብለው ነው፣ እንደ አቅሟ ትሞክራለች» ይላሉ፤ የሚሰማዎት የአገራችን ሰው ከሆነም ይህች ሴት አቻ የላትም ማለትዎ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ እንዲሁ አልኩ። ዮኒት ብዕሯን እንደያዘች «ትሞክራለች ማለት ስንት ነው?» አለችኝ። ሁለት አልኳት።

ልጄን ከባቡር ጣቢያ ላመጣችልኝ ሴት ሁለት፣ ውሻ ሶፋ ላይ ለተቀመጠበት ሥዕል አምስት ሰጠሁ።

ነገሩ በእኔ ቤት ቢቀር መልካም ነበር። ዮኒት እብራይስጥ መናገሬን አይታ ለጎረቤቶቼም እንዳስተረጉምላት ለመነችኝ፤ እንግዳ ለምኖኝ እምቢ አልልም። አባ ገበያው ቤት ገባን። ስለ ንግግሮቹ «እግዜር ይስጣቸው፣ ምን ጎደላቸው» አሉ፤ አምስት ብዬ አስተረጎምኩ። ስለ ሙላቷ ሲጠየቁ ግን ሽማግሌው ፈገግ ብለው «ኤዲያ፣ የኛይቱ ልጅ አይደለች? እሷን ምን ብዬ ላወድሳት፤ ትሞክራለች በላት» አሉኝ። ሁለት ብዬ አስተረጎምኩ። በዚያ ሕንፃ ዘጠኝ ቤት ገባን። ከዘጠኙ ውስጥ ሙላቷ አንድ ልጅ ፈልጋ ያላመጣችበት፣ አንዲት እናት ይዛ ትምህርት ቤት ያልሄደችበት ቤት የለም፤ ከአባ ገበያው ቤት እንኳ የልጅ ልጃቸውን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሁለት ጊዜ አምጥታለች። ዘጠኙም ቤት ሁለት ሰጣት። ጨዋነታችን እንከን አልነበረውም።

በሪፖርትዎ ገጽ ዘጠኝ ላይ ንግግሮቹ አራት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሙላቷ ሁለት ነጥብ አንድ አግኝታለች። ያቺ «ነጥብ አንድ» ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ምናልባት ከሌላ ሕንፃ አንድ ጨዋነት የጎደለው ሰው ሦስት ሰጥቷት ይሆናል። ከቁጥሩ በታች «ተጠቃሚዎቹ በሠራተኛዋ ስላልረኩ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይከተላል፤ የቀረውን እርስዎ ጽፈውታልና አልደግመውም።

ሪፖርቱን አንብቤ፣ ማለትም አስነብቤ፣ ወደ ቢሮዎ ስልክ ደወልኩ። ሁለቴን አምስት አድርጉልኝ ብዬ ለመንኩ። ያነጋገረችኝ ሴት እጅግ በትሕትና መረጃው ተዘግቷል አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ አፋፉ ኮምፒውተር መሆኑን አላወቁም እንጂ። የእንግዳውንና የራስን ሰው ነገር በዝርዝር ሳስረዳትም በጥሞና ሰማችኝና «ለሌላ ጥናት ጥሩ ርእስ ይወጣዋል» ብላ አበረታታችኝ። ያ ጥናት ሲመጣ ደግሞ የምንሰጠውን ነጥብ ከአሁኑ መገመት ይችላሉ።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም። እርስዎን ሳይሆን እኔን ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ሆኖም አንድ ነገር ብጠይቅ አይቆጡ። በመጠይቁ ላይ የሦስት ሊቃውንት ስም ተጽፏል። ከሦስቱ አንዳቸው እነዚህ ሰዎች ሲጠየቁ እንዴት ነው የሚመልሱት ብለው ቢጠይቁ ኖሮ በግማሽ ሰዓት የሚያስረዳቸው ሰው በእጃቸው ነበር። ያ ሰው ሙላቷ ናት። እሷን ግን የሚመዝናት እንጂ የሚያማክራት አልተገኘም።

ሙላቷ ራሷ ቁጥሩን ስታይ ሳቀች። «እኔስ ብጠየቅ ለራሴ ከሁለት በላይ እሰጥ ኖሯል?» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ዛሬ በሌላ ከተማ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፤ ጠዋት በባቡር ትሄዳለች፣ ሲመሽ በባቡር ትመለሳለች።

ከሄደች በኋላ የሆነውን በሁለት መስመር ልንገርዎ። በፌብሩዋሪ በጋሊ ክፍል አንድ ነገር ጠፋና ከሠላሳ አራት ቦርሳ ውስጥ የእሷ ብቻ ተፈተሸ። ምንም አልተገኘበትም። ይቅርታም አልተባለችም። ለእኛ አልነገረችንም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለሙላቷ ነበር የምትነግራት። እኛ የሰማነው ከትምህርት ቤት ከቀረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔም ብቻዬን ሄጄ ግንባሯን እያየሁ አዲሷን አስተማሪ አነጋገርኩ፤ እሷ ደግሞ ሰዓቷን እያየች መለሰችልኝ። በዚያው ሳምንት ከፕሮግራምዎ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ዘጠነኛው ንግግር «የልጅዎን ዝምታ ማዳመጥ» የሚል እንደሆነ ይገልጻል። ሄጃለሁ፤ ተጠርቻለሁና።

አራተኛ፣ ከጥሪው ጋር ስለ ጋሊ አንድ ገጽ ስላያያዙልን አመሰግናለሁ። «የወላጅ ሥልጣን የተገለበጠበት ቤት» ይላል፤ ልጅቷ የወላጆቿን ድርሻ ትሠራለች ማለት ነው ብለው አስረዱኝ። ልክ ነው። ነገር ግን ገጹ አጭር ስለሆነ ያልያዘውን ልጨምርበት። ጋሊ በሰባት ዓመቷ ባንክ መስኮት ላይ በእግር ጣቷ ቆማ ስለ እኛ ትናገር ነበር። በዘጠኝ ዓመቷ እናቷ ለቀዶ ሕክምና ስትተኛ ሐኪሙ የሚለውን አስፈሪ ነገር ሁሉ ሰምታ «ትንሽ ያማል፣ ከዚያ ይሻልሻል» ብላ አስተረጎመችላት፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ብቻዋን አለቀሰች፤ ይህን እኔ አይቻለሁ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የሕንፃው ሁሉ ደብዳቤ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ የአባ ገበያውን መድኃኒት ሰዓት በሥዕል አድርጋ በግድግዳቸው ላይ የለጠፈችላቸውም እሷ ናት። ልጄ ብልህ ናት። ደፋር ናት። የሰው ሕመም ይገባታል። በእሷ ዕድሜ እኔ የእሷን ሩብ አልሆንም ነበር።

ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ የራሴን ልጅ በባዳ ፊት እያወደስኩ ነውና። ግን ጨዋነቴ አንድ ጊዜ ሙላቷን አሳጥቶኛል፤ ልጄንም እንዲያሳጣኝ አልፈቅድለትም። ስለዚህ ነውሩን ችዬ፣ በሰሌዳ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ እጽፋለሁ፦ ለጋሊ አምስት፣ ለሙላቷ አምስት፣ ለንግግሮቹ ሁለት፣ እሱም ለአባ ገበያው የደም ግፊት ሲባል ነው። ዮኒትን ግን አይቆጡብኝ፤ የነገርናትን ነው የጻፈችው።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ስለ መጠይቁ የጀርባ ገጽ። ተውኩት፤ ጊዜዎ ውድ ነው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥሪው ወደ ስብሰባው የሚገቡት ወላጆች፣ ልጅቷና በመዝገብ የታወቁ ባለሙያዎች ብቻ እንደሆኑ ይገልጻል። ሙላቷን ከመዝገብ ያወጧት እርስዎ ስለሆኑ መልሰው ለማስገባት ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም። ወደ ሥራዋ መልሷት ብዬ ብለምንዎት ደስ ባለኝ፤ ያ ግን ሦስት ሊቃውንትና አንድ ዓመት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ማክሰኞ ደግሞ አራት ቀን ነው የቀረው። ጋሊ የልቧን የምትነግረው ሰው ወደሌላት ቦታ ከሄደች እኛ ልጃችንን እናጣለን፤ እናንተ በሪፖርት ላይ «ጉዳዩ ተፈጽሟል» የሚል አንድ ተጨማሪ ቁጥር ታገኛላችሁ። እኔ ቁጥሩን አልፈልገውም።

ስለ ረዥሙ ደብዳቤ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለጠረጴዛዎ ስፋትን፣ ለሪፖርቶችዎ አንባቢን፣ ለእርስዎም እንደ እኛ ዓይነት በሁሉም ነገር የሚረካ ሕዝብ ዘወትር እንዳይጎድልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት አንገቴን ደፍቼ ሳይሆን ቀና ብዬ እሰናበታለሁ።

አዝመራው ካሣሁን
በመዝገብዎ ወላጅ ሃያ ሰባት

ድኅረ ጽሑፍ። ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለጥሩአለም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጋሊ በክፍሏ በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «አባ፣ ቤኤሜት? ጎበዝ ናት ብለህ ለማታውቃት ሴት ትጽፋለህ? ለኔ እኮ ፓዓም አሐት እንኳ ብለኸኝ አታውቅም።» ቤኤሜት ‹እውነት?›፣ ፓዓም አሐት ‹አንድ ጊዜ› ማለት ነው፤ እውነቷን ነው። ሙላቷን የጎዳሁበት ልማድ ልጄንም ሲጎዳት ኖሯል፤ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ አቅሟ የምትሞክር ብቻ መስላ እንደምትታየኝ አስባ ኖራለች። ስለ እሷ የጻፍኩትን ያለ ወረቀት ደግሜ ነገርኳት። እሷም ክፍሏ አልገባችም፤ እኛው ጋ ተቀመጠች።

ማክሰኞ እመጣለሁ ብላለች፤ ሙላቷ አጠገቧ ከተቀመጠች ብቻ። ሙላቷም ከአሮጊቷ ልጆች ፈቃድ ወስዳለች። ስለዚህ አራት ሆነን እንመጣለን፤ መዝገቡ ሦስት ቢልም አራት ነን። እርስዎ ዘንድ የምንመጣው በእንግድነት ስለሆነና እንግዳ ቆሞ ባለቤት ስለማይቀመጥ፣ ወንበር ቢጎድል እባክዎ የእርስዎን ለሙላቷ ይልቀቁላት።